«ድሬ ላይ ቡና ቆልቶ ማደግ አይቻልም» ላልከው ወንድሜ

ሰሞኑን ስለ እኛ የተጻፈ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ጋ ደረሰ። እኛ ስል ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ስፔሻሊቲ ቡና፣ ማለትም በቅምሻ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ምርጥ ቡና፣ እየቆላን አሽገን የምንሸጥ ትንንሽ ድርጅቶችን ማለቴ ነው። ጸሐፊው ስም አልጠራም። ግን በአንድ ዙር 1 ኪሎ በሚቆላ ማሽን ጀምሮ አሁን 15 ኪሎ የሚቆላ ስለገዛ፣ ሳቢያን ሰፈር መጋዘን ስለተከራየ ድርጅት ሲያወራ የምሠራበትን ቤት ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ማሽኑ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። መልሱም የእኔ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጽሑፉ አምስት ነገር ይላል። ቡና መቁላት እያንዳንዷ እናት ቤቷ የምትሠራው ሙያ ስለሆነ ድሬ ላይ የተቆላ ቡና ገዢ የለውም። ሐረር ቡና ድሮ ቀርቷል፣ ስፔሻሊቲ ለመባል አይበቃም። ቡና ቆዪ ድርጅት ሲያድግ ጥራቱ ይሞታል፣ ትልቅ ማሽን የጣዕም ጠላት ነው። ማደግ ካለበትም አዲስ አበባ ሄዶ ይደግ። በመጨረሻም ገበሬው ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ስለሌለ ቡናውን እየነቀለ ጫት መትከሉን ይቀጥላል።

አቦ፣ በንዴት አይደለም የምጽፈው። የድሬ ልጅ መሆንህ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል፣ ስለ ቡናውም ግድ አለህ። ስለዚህ እንደ ወንድም አንተ እያልኩህ ልቀጥል።

በመጀመሪያው ነጥብህ ላይ ግማሹ እውነት አንተ ጋ ነው። ቡና መቁላት የቤት ሙያ ነው። ቡናው ይታጠባል፣ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ጭሱ ለእንግዳ ይዞራል። ያንን በከረጢት እንተካለን ብለን አናውቅም። ግን ድሬን እስቲ በጠዋቱ ዙርባት። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ጥላ ሥር ረከቦት ዘርግተው የሚቀመጡት ሴቶች ቡናቸውን የት ይቆላሉ? ብዙዎቹ ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ማታ ደክሟቸው ይገባሉ፣ ለነገ የሚሆነውን ደግሞ ከሰል አቀጣጥለው ሊቆሉ ነው፣ ከሰል ተወዷል፣ አከራይ ጭስ አይወድም፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ድሬ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳው ራሱ ሙቀት ሲተፋ የሚያድርበት ከተማ መሆኑን ላንተ አልነግርህም።

እኛም መጀመሪያ ይሄን አላየነውም። ደንበኞቻችን ሆቴልና ካፌ ናቸው ብለን ነበር የጀመርነው። አንድ ሆቴል አራት ወር ሙሉ ቡናችንን ወሰደ። ሂሳቡ ነገ፣ ሂሳቡ ለሳምንት። ለጥሬ ቡና መግዣ የያዝነው ገንዘብ እዚያ ውስጥ ቀለጠ፣ ያን ጊዜ ልንዘጋ ትንሽ ነበር የቀረን። ያተረፉን ጀበና የሚያፈሉት ናቸው። ግማሽ ኪሎ፣ አንድ ኪሎ፣ በየቀኑ፣ እጅ በእጅ። ከ1 ኪሎ ማሽን ወደ 5 ኪሎ የሄድነው በእነሱ ብር ነው።

አንዷን ልንገርህ። የድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚያፈሉ እናት ናቸው። ከረጢቱን ወስጄ ስሰጣቸው አልጣሉትም፣ አላመሰገኑትምም። ከፍተው አንድ ፍሬ አወጡ። በጥርሳቸው ሰበሩት። ሰባራውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና «ይሄ ልጄ፣ ቶሎ ወርዷል» አሉኝ። «ለብቻው ሲጠጣ ደህና ነው፣ ወተት ሳደርግበት ግን ይጠፋብኛል። ትንሽ አቆየው።» ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የጀበና ብለን ለብቻ እንቆላለን። የመጀመሪያው መንጣጣት ካለፈ በኋላ እናቆየዋለን፣ ሁለተኛው ሊጀምር ሲል እናወርደዋለን። ዛሬ ከምንሸጠው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የቅምሻ ሥልጠና ላይ ብዙ ተምሬያለሁ፣ ይሄን ግን የተማርኩት እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው።

እና ይሄ ሕዝብ ጣዕም አይለይም የሚል መንፈስ ጽሑፍህ ውስጥ አለ፣ እሱ ከልቤ ከፍቶኛል። የሐረርጌ ሰው እኮ ቡናን ከነቅጠሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ቁቲ ከቅጠሉ፣ ሆጃ ከገለባው። ሌላው ዓለም የቡና ገለባ አፍልቶ መጠጣትን እንደ አዲስ ነገር በካፌ ሲሸጥ ሐረር ጁገል ውስጥ አያቶች ሲጠጡት ኖረዋል።

ዋጋን በተመለከተ ቀፊራ ገበያ ላይ ጥሬ ቡና በኪሎ ይሄን ያህል፣ የእነሱ የተቆላ ይሄን ያህል ብለህ አወዳድረሃል። ኪሎ ለኪሎ አይወዳደርም። ቡና ሲቆላ ውሃውን ያጣል። አንድ ፈረሱላ፣ 17 ኪሎ ጥሬ ቡና፣ መካከለኛ አድርገህ ስትቆላው የሚወጣልህ 14 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ከገበያ በገዛኸው ጥሬ ላይ ደግሞ ጠጠሩን፣ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን ለቅመህ ትጥላለህ፣ ለእሱም ከፍለሃል። ይሄን ሁሉ ቀንሰህ ከሰሉን ጨምረህ አስላው። ልዩነት አይኖርም አልልህም፣ ይኖራል፣ የእኛ ይወደዳል። ግን አንተ የጻፍከውን ያህል አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ። ሐረር ቡና ሞቷል ያልከው ላይ።

መጀመሪያ እስቲ አንተና እኔ ያደግንበት ሐረር ቡና የትኛው እንደነበር እናስታውስ። በዚህ አገር ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ዘመን ሕግ ሲከለክል ኖሯል። ምክንያቱ ይገባል፣ የውጭ ምንዛሪ ነው። ውጤቱ ግን ምን ሆነ? ገበሬ ዘመድ ከሌለህ በስተቀር ድሬ ተቀምጠህ የምትጠጣው ለውጭ አይበቃም ተብሎ የተመለሰውን ነው። እኛ የሐረርን ቡና የፈረድንበት በተራፊው ነው። ጥሩው ከአጠገባችን በባቡርና በመኪና ወደ ጅቡቲ ያልፋል። አንተ ሐረር ቡና ሞቷል ስትል የቀመስከው የትኛውን እንደሆነ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።

ስሙ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር የመጣው ግጥም ሊጽፍ አልነበረም፣ የአንድ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ነው፤ ከሚነግዱት ዋናው ቡና ነበር። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ከባቡሩ ጋር ስትቆረቆር ያ ቡና ወደ ባሕር የሚወርድባት በር ሆነች። የቡና ላኪው የኦግሳዴይ የፈረስ ምልክት ያለበት ሐረር ቡና ባሕር ማዶ ባሉ ቆዪዎች ዘንድ በስሙ ሲፈለግ የነበረው ከዚህችው ከተማ ተልኮ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 የቡና ስሞቻችንን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክት ላስመዝግብ ብሎ ሲነሳ የመረጣቸው ሦስት ናቸው፤ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር። በእነዚህ ስሞች የተነሳ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክርም እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት አለቀ። ዋጋ የሌለው ስም ላይ ማንም ጠበቃ አያቆምም።

ጥፋቱ ግን አለ፣ አልክድም። ሐረር ቡና ለውጭ ገበያ ሲወጣ ደረጃ 4 ተብሎ መሸጡ የተለመደ ነው ብለሃል፣ ልክ ነህ። የዚያ ደረጃ ምክንያት ግን ዘሩ ወይም አፈሩ አይደለም። አያያዙ ነው። ፍሬው የበሰለውም ያልበሰለውም አንድ ላይ ይለቀማል፣ አንዳንዱ ዛፉ ላይ እንዳለ ይደርቃል፣ ጀንፈሉ፣ ከነገለባው የሚደርቀው ፍሬ፣ መሬት ላይ ይሰጣል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ አፈር አፈር ይሸታል። ከዚያ ከአሥር ሰው የተሰበሰበው አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የቡና ግብይት ሲጀምር ደግሞ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይቀላቀል ስለነበር፣ በጥንቃቄ ያደረቀውም ያላደረቀውም ገበሬ አንድ ዋጋ አገኘ። ጠንቅቆ ለመሥራት ምክንያት አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1051፣ ከወጣ ወዲህ ቡናን ከነምንጩ ለይቶ የመሸጡ መንገድ ሰፍቷል። ያ መንገድ ባይከፈት እንደ እኛ ያለ ድርጅት አይኖርም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በፀሐይ ማድረቅ የድህነት ምልክት ነው፣ ጥሩ ቡና የታጠበ፣ ማለትም ሥጋው ተፈልፍሎ በውሃ ጸድቶ የደረቀ፣ ነው የሚል የቆየ አስተሳሰብ አለ፣ አንተም ደግመኸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ውስጥ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በፀሐይ የደረቀ ነበር። በፀሐይ ማድረቅ ደግሞ ሐረር ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ነው። የሚጎድለው ቀዩን ብቻ መልቀምና ከመሬት ከፍ ያለ ማድረቂያ አልጋ ነው። ባለፈው ዓመት ከምሥራቅ ሐረርጌ፣ ከበደኖ በኩል ከመጣልን ቡና አንዱ፣ አልጋ ላይ የደረቀው፣ ስኒው ላይ ውሃ ገና ሳይፈስበት፣ ዱቄቱ ብቻ፣ እንደ በሰለ እንጆሪ ሸተተ። የተቆላውን የሚለቅሙልን ሴቶች ከጓሮ መጥተው «ምን ፈሰሰ?» ብለው ጠየቁ። ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ ይባላል፤ ያ ቡና ከዚያ በደንብ በላይ ነው። ነጥብ ሳይሰጠው ከረጢቱ ላይ ስፔሻሊቲ ብሎ የሚያትም አለ ያልከው ግን እውነት ነው፣ እኔም ገበያ ላይ አይቻለሁ፣ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ዋናው። ሲያድጉ ጥራቱ ይሞታል፣ ትልቅ ማሽን የጣዕም ጠላት ነው።

እዚህ ላይ በደንብ የማውቀውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ጉድ የሠራንበትን ሳምንት አልረሳውም። 15 ኪሎው ማሽን የመጣ ጊዜ በ5 ኪሎው የለመድኩትን ይዤ ገባሁ። ትልቅ ማሽን ብረቱ ብዙ ነው፣ አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ይይዛል። እንደ ድሮው አግዬ ቡናውን ስለቅበት የመጀመሪያው ዙር ላዩ አረረ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ። ፍሬውን በጥፍሬ ሰብሬ አየሁት፣ ዳሩ ጥቁር፣ መሃሉ የሣር ቀለም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ቀነስኩ፣ አሁን ደግሞ ሙቀት አጥሮት ዳቦ ዳቦ የሚል ነገር ሆነ። ሦስት ዙር፣ ወደ 45 ኪሎ ጥሬ ቡና። የሰው ልፋት ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያን ጊዜ አንተ ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ አዎ፣ ማደግ ገደለን እልህ ነበር። ግን ችግሩ ማሽኑ አልነበረም። ሐረር ቡና አንድ መጠን የለውም። ረጅሙም አጭሩም፣ ትንሿ ክብ ፍሬም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ትንሿ ቶሎ ትጋያለች፣ ረጅሙ ገና ነው። በ1 ኪሎ ማሽን ይሄን በዓይንህ እያየህ ታስተካክላለህ፣ 15 ኪሎ ላይ ግን ዓይን አይደርስም። መፍትሔው አያቶቻችን ጋ ያለ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ወንፊት። ሦስት ዓይነት ቀዳዳ ያለው ወንፊት አሠራን። አሁን ቡናው መጀመሪያ ይነፋል፣ በመጠን በመጠኑ ይለያል፣ ለየብቻ ይቆላል፣ ከዚያ ይቀላቀላል። ይሄን በትንሹ ማሽን ጊዜ አናደርገውም ነበር፣ ማድረግም አይመቸንም፣ ምክንያቱም 5 ኪሎ ቡና ለሦስት ከፍለህ ስትቆላ ቀኑ አይበቃህም። ትልቁ ማሽን ነው ጊዜ የሰጠን። ስለዚህ ስናድግ ጥራቱ የሞተ ሳይሆን፣ ሳናድግ ልናደርገው የማንችለውን ጥንቃቄ ነው ያገኘነው።

ሌላም አለ። በፀሐይ የደረቀ ቡና ሲቆላ ስስ ገለባው ከታጠበው ይበዛል። ያ ገለባ ማሽኑ ጀርባ ያለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። ካልተጠረገ እሳት ይይዛል። እዚሁ ድሬ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ጥግ ካለው ወርክሾፕ አንድ ብየዳ ባለሙያ አምጥተን ማጠራቀሚያውን ሰፋ አድርጎ፣ በር አበጅቶለት ሠራልን፣ አሁን በየሁለት ዙሩ ይጸዳል። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋስ? ከበሮው ይቆማል፣ ብረቱ ግን እንደጋለ ነው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቡናው ያርራል። ስለዚህ ጄኔሬተር ሳይነሳ አንድም ዙር አይጀመርም፤ ለቡናው የቆጠብነውን ናፍጣ ላይ እናወጣለን። ሥራ የምንጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፣ ለሙቀቱ። 5 ሰዓት ላይ እንዘጋለን። ከዚያ በኋላ ለቀማ ነው። አራት ሴቶች ጠረጴዛ ላይ የተቆላውን ዘርግተው ነጭ የቀረውን ፍሬ አንድ በአንድ ያወጣሉ፣ ያልበሰለ ተለቅሞ የመጣ ፍሬ ስትቆላው አይጠቁርምና ያኔ ነው የሚጋለጠው፣ አንዷ ብቻ ጀበና ውስጥ ከገባች የገለባ ጣዕም ትሰጣለች። ይሄን ለቀማ በ1 ኪሎ ጊዜ እኔው ነበርኩ ማታ ማታ የምሠራው፣ በደከመ ዓይን። አሁን የአራት ሰው እንጀራ ነው።

ደግሞ ስናድግ ምን እንደተውን አላየህም። ስድስት ዓይነት ቡና ነበረን። ከደቡቡም ከምዕራቡም እያመጣን ሁሉንም እንቆላ ነበር። አሁን ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱም ሐረርጌ። ማደግ ማብዛት ነው ብለህ ነው የተነሳኸው፣ ለዚህ ነው የሳትከው ብዬ አስባለሁ። እኛ ያደግነው ያንኑ ሁለቱን በየሳምንቱ አንድ ዓይነት አድርገን በማውጣት ነው። የባቡር ጣቢያዋ እናት ማክሰኞ የገዙትና ዓርብ የገዙት አንድ ካልሆነ ደንበኞቻቸውን ያጣሉ፣ እኛም እሳቸውን።

የምሰጋበት ነገር የለም ማለት አይደለም። ትልቅ ማሽን ብድር ነው። ብድር ደግሞ በየወሩ ይመጣል፣ ቡናው ጥሩ ሆነ አልሆነ አይጠይቅም። ወር ሲያልቅ ከደረጃ በታች የሆነ ጆንያ ደጃፍህ ላይ ሲቆም መመለስ ይከብዳል። ዓምና አንድ አቅራቢ ከላይ ያማረ ቡና፣ ከሥር ሌላ አድርጎ አምጥቶልን መልሰነዋል። ሁለት ሳምንት ሥራ ፈታን። ወደፊትም ሁልጊዜ እንመልሳለን ብዬ አፌን ሞልቼ እንድናገር ግን አንድ ዓመት በቂ አይደለም። ስጋትህን ማሽኑ ላይ ሳይሆን ብድሩ ላይ ብትጽፈው ኖሮ እጅህን ስሜ እቀበልህ ነበር።

አዲስ አበባ ይሂዱ ያልከውን በአጭሩ ልለፈው። ገበያው እዚያ ሰፊ ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያውም። የምዕራብ ሐረርጌዎቹ የሐብሮና የቦቄ ቡናም ቢሆን አዲስ አበባ ለመድረስ ችግር የለበትም። ግን የድሬ ሙቀት ጥሬ ቡናን ያበላሻል ያልከው እኛ ሳናውቀው የቀረ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ጥሬ ቡና ሙቀት አይወድም፣ ቀለሙ ይነጣል፣ ጣዕሙ እንጨት እንጨት ይላል። ለዚህ ነው ጥሬውን ሐረር የምናስቀምጠው። በየሳምንቱ የሚበቃንን ብቻ ወደ ድሬ በደንገጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ እናወርዳለን። ሐረር ማከማቻ፣ ድሬ መቁያ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሆነው አንዱ ደጋ፣ ሌላው ቆላ መሆናቸው እንደ ችግር ስትጽፈው ገረመኝ። ለእኛ በነጻ የተሰጠ ማቀዝቀዣ ነው።

ውሃውስ? ውሃ ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሐረር በ94 ገደማ፣ አዲስ አበባ ወደ 92 ነው። ከፍታው ነው። የድሬ ውሃ ደግሞ ጨው አዘል ነው፣ የማንቆርቆሪያህን ውስጥ እይ፣ ኖራ ለብሷል። ያ ውሃ የቡናን ሹል ጣዕም ያደበዝዛል። አዲስ አበባ ተቆልቶ፣ በአዲስ አበባ ውሃ ተቀምሶ የመጣ ቡና እዚህ ሲፈላ ሌላ ቡና ነው። የድሬ ሰው ለሚጠጣው ቡና የሚቆላ ሰው የድሬን ውሃ መጠጣት አለበት። የተቆላ ቡና ደግሞ እንደ ጥሬው አይቆይም፤ ጥሬው በአግባቡ ከተቀመጠ ዓመት ይከርማል፣ የተቆላው ግን ጥሩ ጣዕሙ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። ቅርብ ሆኖ መቁላት ለዚህ ነው።

የቀረው ገበሬው ነው። እዚህ ላይ ስትጽፍ ድምፅህ እንደተለወጠ አይቻለሁ፣ እኔም እዚህ ስደርስ እለሰልሳለሁ።

ጫትን ማንም በገበሬው ላይ አልጫነበትም። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው። ችግኝ ተክለህ የመጀመሪያ ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት ትጠብቃለህ። ጫት ደግሞ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ማታ የተቆረጠው ጠዋት አወዳይ የጫት ገበያ ላይ ብር ነው። ልጁ የታመመበት ሰው ጥቅምትን አይጠብቅም። ስለዚህ አንድ ትንሽ ቡና ቆዪ ድርጅት ሐረርጌን ከጫት ወደ ቡና ይመልሳል ብዬ አላውቅም፣ ባለቤቱም እንዲህ ብሎ ሲናገር አልሰማሁም። የእኛ ግዢ ከአካባቢው ምርት ጋር ሲነጻጸር ጠብታ ነው።

ግን «አንድም ነገር አያገኝም» የሚለው ልክ አይደለም። በደኖ ያሉ አንድ ኦቦ፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ የሚበልጥ፣ ቡናና ጫት አሰባጥረው የተከሉ ናቸው። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ቀዩን ብቻ ልቀሙልን ስንላቸው ዝም ብለው አዩን። በኋላ «ለአንድ ዛፍ ሦስት ጊዜ ልመለስ ነው?» አሉ። አዎ ነው መልሱ። የሦስት ጊዜ ጉልበት ነው። ለሦስት ጊዜ ጉልበት የአንድ ጊዜ ዋጋ ከፍለን ብንመለስ ኖሮ አንተ ያልከው ይሆን ነበር። በአቅራቢው በኩል በሠፈሩ ከሚከፈለው በላይ ጨምረን፣ ግማሹን ከለቀማ በፊት ሰጠናቸው። ዋናው ነገር ይሄ ከለቀማ በፊት የሚለው ነው። ገበሬውን ወደ ጫት የሚገፋው የዋጋው ማነስ ብቻ አይደለም፣ ገንዘቡ የሚመጣበት ጊዜም ነው። ያንን ቅድሚያ ለመክፈል ደግሞ ድርጅቱ ማደግ ነበረበት። በ1 ኪሎ ማሽን የሚሠራ ሰው ለማንም ቅድሚያ መክፈል አይችልም፣ እኛም ያን ጊዜ አንችልም ነበር።

ዘንድሮ ክረምት ላይ ስሄድ ከጫቱ መሃል አዲስ ችግኝ ተክለው አገኘኋቸው። ቆጠርኩት፣ 40 ነው። ጫቱን አልነቀሉም። 40 ችግኝ ጨመሩ። ፍሬ እስኪይዝ ሦስት አራት ዓመት ነው፣ እስከዚያ እኛ መኖር አለብን።

ከጽሑፍህ ሁሉ መልስ ያጣሁለት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ስለ ገበሬው ይህን ያህል ካወሩ ከረጢታቸው ላይ የማን ቡና እንደሆነና ምን እንደተከፈለበት ለምን አይጽፉም ያልከው። ለባለቤቱ አነበብኩለት። ትንሽ ዝም ብሎ «ልክ ነው» አለ። ቀድሞ የታተመው ከረጢት እስኪያልቅ ገና ሁለት ወር ይወስድብናል፣ አዲሱ ላይ ቦታ ይተውለታል። እስከዚያ ከባለፈው ሰኞ ጀምሮ ለቃሚዎቹ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ማርከር ይዘው ይቀመጣሉ፣ በእያንዳንዱ ከረጢት ጀርባ ቀበሌውን፣ የተለቀመበትን ወር፣ ለኪሎ ጀንፈል የተከፈለውን በእጅ ይጽፋሉ። ገበሬዎቹ ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ ደግሞ በደኖ ሰው ልከን እያስጠየቅን ነው።